ያልፈሰሰው ጽዋ

ኤል ቡርጎ፣ ኦክቶበር 2፣ የቅዱስ ሳቱሪዮ በዓል

ጌታ ሆይ፣ የምጽፈውን ታውቃለህ፤ የማልጽፈውንም ታውቃለህ። በዚህ እምነት እጀምራለሁ።

ከቅዳሴ ስመለስ ቲካ ገበታውን ለሦስት ሰው አሰናድታ አገኘኋት። ሦስተኛው ሳህን የእናታችን ነበር። እናታችን ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል። «ቲካ፣ እናታችን እኮ የለችም» ስላት ሳህኑን አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችና፣ «አውቃለሁ፤ የረሳው እጄ ነው» አለችኝ።

እህቴ እስኮላስቲካ ታላቄ ናት። ክህነት ከተቀበልኩበት ቀን ጀምሮ ቤቴን የያዘች፣ ልብሰ ተክህኖዬን የተኮሰች፣ ሾርባዬን ያሞቀች እርሷ ናት። እኔ በካቴድራሉ ስዘምርና ሳስተምር አረጀሁ፤ እርሷ ወጥ ቤት አረጀች። ያላገባች የቄስ እህት የወንድሟን ቤት ትይዛለች፤ ልማዳችን ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከሰዓት በኋላ የሟች እህታችን ልጅ ፑራ መጣች። የሐኪሙን ቃል ደገመችልኝ፤ በሽታው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። መነኮሳቱ በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት አንድ አልጋ እስከ ኖቬምበር 11፣ እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል ድረስ ይጠብቀናል።

«አጎቴ፣ እርስዎ ራስዎ ሰማንያ ሊሞላዎ ነው። ማን ማንን ሊጦር ነው?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ወጥ ቤት ናት።»

«ብትሰማስ? ነገ ትረሳዋለች።»

ከወጥ ቤት ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ።

ማታ ቲካ መነጽሬን እየወለወለች፣ «ኤልዮ፣ እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም» አለች። መንግሥት ለጡረተኞች የሚያዘጋጀው የመኸር ጉዞ አለ፤ በአውቶቡስ የጥንቶቹን ከተሞች ያሳይና መጨረሻው ባሕር ዳርቻ ነው። ነገ እንመዘገባለን። ለአልጋው ጉዳይ መልስ የምሰጠው ከጉዞው ስንመለስ ነው።

ኦክቶበር 7፣ የመቁጠሪያዋ እመቤት በዓል

ሻንጣ። መድኃኒት። የጸሎት መጽሐፌ።

ፑራ ከአባቷ በጎች የተረፈች ትንሽ የነሐስ ደወል አመጣችልኝ፤ ቲካ በምትተኛበት ክፍል በር እጀታ ላይ ማታ ማታ እንዳስራት። በሩ ሲከፈት ትጮኻለች። ቲካ አይታት፣ «በጓ እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ሲጉዌንሳ፣ ኦክቶበር 12

በካቴድራሉ ውስጥ በመቃብሩ ላይ በክንዱ ተደግፎ መጽሐፍ የሚያነበውን ወጣት ባላባት አየን። መላ አካላቱ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሐውልት ነው። ስለ ሞትና ስለ ትምህርት ለተጓዦቹ ጥቂት ልናገር ጀምሬ ሳለ ቲካ ጣልቃ ገባች፦

«ምስኪን! በስንት መቶ ዓመት አንዲት ገጽ አልገለበጠም። ልክ እንደ ኤልዮ፤ ራት ቀርቧል ሲሉት አይሰማም።»

ከሁሉ ይበልጥ የሳቀችው ዶኛ ካሲልዳ ነበረች። ከአራንዳ የመጣች የሥጋ ቤት ባለቤት የነበረች ባልቴት ናት፤ አፏ አያርፍም። «ዶን ኤልዮ፣ እህትዎ ታማለች ያለዎት ማን ነው? ሐኪሙን ራሱን ያሳክሙት!» አለችኝ።

መልካም ቀን ነበር። ስብከቴ ስለተቋረጠ ቅር መሰኘቴን ግን አልክድም።

ኩዌንካ፣ ኦክቶበር 14

ጠፋች። በገደሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉትን ቤቶች ስናይ እጄን ለቀቀች። እኔ በበሩ ላይ የተቀረጸውን ላቲን እያነበብኩ ነበር። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ የገበታ ጨርቅ ስታጥፍ ተገኘች፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም አልከለከለቻትም። «እጇ ወርቅ ነው፤ ትታችኋት ሂዱ» አለችን።

በአውቶቡሱ ውስጥ ዶኛ ካሲልዳ ተኝቼ መስሏት ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማሁ፦ «ቄሱ ድንጋይ ያነባል፣ እሷ ገደል አፋፍ ላይ ትዞራለች። እኔ ውሻዬንም እንዲህ አልጠብቅ።»

እውነቷን ነው።

ቴሩኤል፣ ኦክቶበር 16

ፍቅራቸው ሳይፈጸም የሞቱትን የሁለቱን ወጣቶች መቃብር አየን። በእብነ በረድ የተቀረጹት እጆቻቸው አንዱ ወደ አንዱ ተዘርግተዋል፤ ግን አይነካኩም። ቲካ እዚያ ብዙ ቆመች። ከዚያ አእምሮዋ እንደ ማለዳ ጠርቶ፣ እኔን ሳታይ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አንድ ቀን ስነሳ ማን እንደሆንክ ባላውቅስ?»

ነፍስ ሦስት ኃይላት እንዳሏት፣ የማስታወስ ኃይሏ ቢደክም ፈቃድ እንደማይጠፋ፣ እግዚአብሔር የረሳነውን ሁሉ ስለ እኛ እንደሚያስታውስ ነገርኋት። ትምህርቱ ቀና ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

«ኤልዮ» አለች፤ «ስብከት እኮ አልጠየቅሁህም።»

ሞሬያ፣ ኦክቶበር 18፣ የቅዱስ ሉቃስ በዓል

የዛሬውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

በግንብ የታጠረች የተራራ ከተማ ናት። ያገኘሁት የአጥቢያው ካህን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ከቅዳሴው በፊት በኑዛዜ መስጫው ተቀምጬ ምእመናንን እንዳናዝዝለት ለመነኝ፤ እሺ አልኩት። ቲካን አደባባዩ ላይ ከዶኛ ካሲልዳ ጋር ትቼ ገባሁ። ጥቂት ሴቶች መጡ፤ ሄዱ። ከዚያ ሌላ ሰው ተንበረከከ። ካህኑንና ተናዛዡን ከሚለየው የእንጨት ወንፊት ማዶ የተሰማኝ ድምፅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነበር። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» አለኝ፤ እንደ እንግዳ ካህን።

በዚያን ጊዜ ተነሥቼ መውጣት እችል ነበር። «ቲካ፣ እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ንስሐ ሊገባ የተንበረከከን ሰው ማሳፈር ኃጢአት መሰለኝ። ዝም አልሁ፤ እርሷም መናገር ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ካህን በኑዛዜ የሰማውን በቃል አይገልጥም፤ በምልክት አይገልጥም፤ በሥራም አይገልጥም። ያንን የሚያውቀው በእግዚአብሔር ስፍራ ተቀምጦ ነው፤ እንደ ሰው አያውቀውም። ማድረግ የሚገባኝን አደረግሁ፤ ማለት የሚገባኝንም አልሁ። ይኸው ነው።

ኑዛዜው ካለቀ በኋላ የሆነውን ግን መጻፍ እችላለሁ፤ በኑዛዜ ምስጢር ማኅተም ሥር አይደለምና። ተነሥታ ወደ ፊት ለፊቴ ዞረች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ በእጄ ላይ የአኒስ ከረሜላ አስቀመጠች። «ይህን ይያዙ አባቴ፤ ጉሮሮዎ ደርቋል። እኔ ልሂድ፤ ወንድሜ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። እሱም ቄስ ነው፤ ካረፈድኩበት ይቆጣል።»

ስወጣ አደባባዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «የት ቆየህ?» አለችኝ።

አላወቀችኝም። አላወቀችኝም ብዬ አምናለሁ።

ሞሬያ፣ ኦክቶበር 20

እህል አልወርድ አለኝ። ዶኛ ካሲልዳ ሳህኔን እያየች፣ «ዶን ኤልዮ፣ ጾም ከሆነ ይንገሩንና እኛም እንጹም፤ ካልሆነ ሥጋውን ወዲህ ያቀብሉኝ» አለች። ሰጠኋት።

የዛሬው መዝሙር ስለ ውኃ ጥልቀት ነው። ማንበብ ጀምሬ ተውኩት። በክህነት ዘመኔ ሳልጨርስ የተውኩት መዝሙር አላስታውስም።

ሞሬያ፣ ኦክቶበር 21

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለክህነት በምንማርበት ሴሚናሪ ሳለን መምህራችን ያቀርብልን የነበረ ጥያቄ ዛሬ ትዝ አለኝ። ዶን ፕሩደንስዮ ይባሉ ነበር፤ ዓይናቸው የታወረ ሽማግሌ።

«አንድ ሰው ሊናዘዝ መጥቶ፣ ለቅዳሴህ በተዘጋጀው ወይን ውስጥ መርዝ ጨምሬአለሁ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

አንዱ አልቀድስም አለ። ሌላው ወይኑን እቀይራለሁ አለ። ዶን ፕሩደንስዮ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ከኑዛዜው በፊት ትቀይረው ነበርን? አትቀይረውም። እንግዲያ አሁን ብትቀይር በምን አውቀህ ነው? ኑዛዜውን በእጅህ ተናገርህ ማለት ነው። ወደ መሠዊያው ውጣ፤ ጽዋውን አንሣ፤ ጠጣ።»

ያን ጊዜ ወጣቶች ነበርን፤ መልሱ አስደሰተን። እያንዳንዳችን ጽዋውን የምንጠጣው እኛው ራሳችን እንደሆንን አድርገን ነበር የምናስበው። ጽዋው የሌላ ሰው ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ፔኒስኮላ፣ ኦክቶበር 22

ደረስን። ባሕሩ ሆቴሉ በር ላይ ነው።

ተጓዦቹን የምትመራው ኔውስ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ቀልጣፋና ደግ። ቁልፎቹን ይዛ ጠራችኝ፦ «አባ፣ ምርጫ አለኝ። ምድር ቤት ያሉት ሁለት ክፍሎች በመስታወት በር ቀጥታ ወደ አሸዋው ይወጣሉ፤ መካከላቸው የውስጥ በር አለ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ ናቸው፤ የሚያዩት መኪና ማቆሚያውን ነው። የትኛውን ልስጥዎ?»

ቲካ ባሕር ማየት እንደምትሻ ከቤታችን ጀምሮ ተናግራለች። ከሞሬያ በፊት ተጠይቄ ቢሆን ሳላመነታ ምድር ቤቱን እመርጥ ነበር። ዛሬ ሌላ ብመርጥ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው?

«ምድር ቤቱን» አልሁ።

ኔውስ ወደ ቲካ አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «በኩዌንካ የሆነውን ያውቃሉ እኮ። የምትጠፋ ሰው ናት፤ ፎቁ አይሻልም?»

ልጅቱ ያቀረበችልኝ በቂ ምክንያት ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት የሆነ፣ ከኑዛዜ ውጭ የሆነ። ብቀበለው ማንም አይነቅፈኝም። እኔ ግን በልቤ ውስጥ ሰበብ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር። በሰበብ ሥር የተደበቀ ማኅተም መስበር፣ ማኅተም መስበር ነው።

«ደወል አለን» አልኋት።

ደወሏን በመስታወቱ በር እጀታ ላይ አሰርኋት። ይህንስ ከሞሬያም በፊት ማታ ማታ አደርገው ነበር፤ ተፈቅዶልኛል። ከአልጋዬ ሆኜ እንድሰማት የውስጡን በር ከፍቼ እተኛለሁ።

ፔኒስኮላ፣ ኦክቶበር 24

የመንገደኞች ጠባቂ የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሩፋኤል ቀን፣ እንደ ቀድሞው አቆጣጠር።

ቲካን እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ካልሲዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውኃው ውስጥ ቆመች፤ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን ትጮኻለች። ዶኛ ካሲልዳ እጇን ይዛት ነበር። «ዶን ኤልዮ፣ ይምጡ እንጂ! ቀሚስዎ ከእኛ ቀሚስ ይረዝማል፤ ማንም እግርዎን አያይም!»

አሸዋው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔን ከቲካ ላይ አላነሣሁም። ወንድም እህቱን እንደሚያይ ነው ያየኋት፤ ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ፑራ ስልክ ደወለች፤ መነኮሳቱ መልስ ይፈልጋሉ። ቲካ አጠገቤ ሆና ሁሉን ሰማች። «እሺ በላት» አለችኝ በጸጥታ። «ለምን ታስቸግራታለህ? እሺ በላት።»

እንዲህ በቀላሉ መስማማቷ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር።

ፔኒስኮላ፣ ኦክቶበር 26

በባሕሩ ላይ ወደ ተሠራው ግንብ ወጣን። ሁሉም የተወው ሉና የተባለው ጳጳስ፣ እውነተኛው የሮም ጳጳስ እኔ ነኝ ብሎ እስኪሞት የኖረበት ነው። ነገሥታት ለመኑት፤ ጉባኤዎች ፈረዱበት፤ ወዳጆቹ ጥለውት ሄዱ፤ ቃሉን አልለወጠም።

ኔውስ፣ «እኛ እዚህ አገር እልኸኛ ሰው ስናይ ሉና እንለዋለን» ብላ ሳቀች። «አንዲት እሺ ቢል ኖሮ በክብር ሮም ይኖር ነበር።»

«ትክክል መሆኑን እያመነ እንዴት እሺ ይበል?» አልኋት።

ቲካ ከግንቡ ላይ ሆና ባሕሩን እያየች ነበር። ፊቷን ሳትመልስ፣ «ኤልዮ፣ ይህ ሰው እህት ነበረችው?» አለች።

አላውቅም። ስለ እህቱ ያነበብኩት ነገር የለም።

ፔኒስኮላ፣ ኦክቶበር 28፣ የሐዋርያት ስምዖንና ይሁዳ በዓል

የዚህን ከተማ ካህን አገኘሁት። ሞሴን ቪሴንት ይባላል፤ እዚህ ካህንን ሞሴን ብለው ይጠሩታል፤ በዕድሜው ልጄ ሊሆን የሚችል፣ እጅጌውን ጠቅልሎ የቤተ ክርስቲያኑን ቧንቧ የሚጠግን ሰው። ስለ ዶን ፕሩደንስዮ ጥያቄ እንደ ጨዋታ አድርጌ አነሣሁለት፤ በሴሚናሪ ዛሬም ይጠየቃል ወይ ብዬ። ሳቀ።

«ይጠየቃል። እኔ የመለስኩትን ልንገርዎ? ወደ መሠዊያው እወጣለሁ፤ ጽዋውን አነሣለሁ፤ ከዚያ እጄን ያዳልጠኛል። ውይ! ፈሰሰ። ደክሞኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል እላለሁ። ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ ጨርቅ የሚያቀብለኝም እሱ ነው» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ትክ ብሎ አየኝ። መፍቻውን አስቀመጠ። «ዶን ኤልዮዶሮ፣ እጅዎ ከደከመ ማንም አይፈርድብዎትም።»

ምንም አላልሁትም። ምልክትም አልሰጠሁትም። ደረጃውን ስወርድ ግን ጉልበቴ ሲቀልለኝ ተሰማኝ። ነገ ጠዋት በቁርስ ሰዓት ለኔውስ እነግራታለሁ፤ የባሕሩ እርጥበት ለሽማግሌ ደረት አይሆንም፣ አራተኛ ፎቅ ይሻለኛል። ደረቴም እኮ በእርግጥ ያመኛል። ዛሬውኑ ልነግራት ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ወደ ገበያ ሄዳለች።

ከራት በኋላ ቲካ ክፍሏ ውስጥ በመስታወቱ አጠገብ ተቀምጣ ወንበር ሳበችልኝ። «ዛሬ ትንሽ ቁጭ በል» አለችኝ።

«ጸሎተ ንዋሜን አላደረስኩም።»

«ዛሬ ብቻ። ስለ ቤታችን እናውራ። ስለ እማማ።»

«ነገ ቀኑን ሙሉ እናወራለን» አልኋት። ግንባሯን ሳምኋት፤ ደወሏን አሰርሁ፤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ቲካ ስሟን የወረሰችው ቅድስት አንድ ምሽት መነኩሴ ወንድሟን ቆይ፣ እንጫወት ብላ ለምናው ነበር። ሥርዓቴ አይፈቅድም አላት። እርሷ ጸለየች፤ ሰማይ ተቀደደ፤ ዝናቡ መንገድ ከለከለው፤ ሳይወድ አብሯት አደረ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ይህን ታሪክ በበዓሏ ቀን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ባሕሩም ጸጥ ብሏል።

ኦክቶበር 29

ደወሏ አልጮኸችም።

ሲነጋጋ ነቃሁ። ብርድ። የመስታወቱ በር ተከፍቷል። አልጋው ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ እንደ ቤታችን ተጣጥፏል። ጫማዎቿ በአንድነት ከበሩ ሥር።

ዓሣ አጥማጆቹ ከግንቡ ሥር አገኟት። ሞሴን ቪሴንት በጀልባቸው አብሯቸው ነበር።

ጌታ ሆይ።

ኤል ቡርጎ፣ ኖቬምበር 2፣ የሙታን መታሰቢያ

ዛሬ ቀበርናት፤ ከእናታችን አጠገብ።

የሆነውን ልጻፍ። ፖሊሱ ወጣትና ትሑት ነበር፤ ቆቡን አውልቆ ጠየቀኝ። «አባ፣ በእነዚህ ቀናት ለእርስዎ ያለችው ነገር ነበር?»

«ለእኔ ለወንድሟ ምንም አልነገረችኝም» አልሁት።

እውነት ነው። ከቃሉ አንዲቱ እንኳ ሐሰት አይደለችም። እርሱም በጨለማ መንገድ ጠፍቶባት ነው ብሎ ጻፈ።

ደወሏን ከእጀታው ስፈታት ለምን እንዳልጮኸች አየሁ። በደወሏ ሆድ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ተጠቅጥቋል፤ ቲካ በራት ሰዓት በመሐረቧ ስትደብቀው አይቼ ለወፎች ነው ብዬ ነበር። በጣም በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ እጇ ምንም አልረሳም ነበር። ፑራ፣ «ደወሉ አልጮኸም እንዴ?» ስትለኝ «አልጮኸም» ብቻ አልኋት። ደወሏ በኪሴ ነበረች፤ አሁንም በኪሴ ናት፤ ዳቦው ደርቋል።

ፑራ ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ። ከልቅሶ ብዛት ፊቷ አብጧል። «ኔውስ ነግራኛለች። ፎቁን ስትሰጥዎ እምቢ አሉ። ለምን? አጎቴ፣ ለምን?»

«ባሕር ማየት ፈልጋ ነበር።»

«እርስዎ የሚሰውሩኝ ነገር አለ። ወንድሟ ነዎት ወይስ ቄስ?»

ዶኛ ካሲልዳ ከአራንዳ ድረስ መጥታ ነበር። ፑራን ቀስ አድርጋ ከእኔ አላቀቀቻትና፣ «ተይው ልጄ፤ አታይውም? ይሄ ሰው ቆሞ ነው የሞተው» አለቻት።

ቅዳሴውን የቀደስኩት እኔ ነኝ። ሞሴን ቪሴንት ያን ያህል መንገድ ተጉዞ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ አገዘኝ። ወይኑን ሲቀዳልኝ ዓይኖቹ እጆቼ ላይ ነበሩ፤ ሳይንቀጠቀጡ አይቀሩም ብሎ ሊደግፈኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

እንደ ሥርዓቱ ጽዋውን በሁለት እጄ አነሣሁ፤ ሕዝቡ እስኪያየው ድረስ ወደ ላይ ያዝኩት፤ መልሼም አስቀመጥኩት። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም።